ለስስ አየር የተሠራ ክንፍ፦ በሰቆጣ ከፍታ በሪሞት የሚበር ሞዴል አውሮፕላን አሠራር

ፕላኑን ከኢንተርኔት አወረዳችሁ፤ ፎሙን በልኩ ቆረጣችሁ፤ ሞተሩም ባትሪውም በተጻፈው ቁጥር ተገዛ። ሜዳ ወጥታችሁ ወረወራችሁት። አፍንጫውን ቀና አደረገ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ተንገዳገደ፣ በአንድ ክንፉ ዘመመና ቃርሚያው ላይ ተደፋ። ይህ የደረሰበት ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?" ብዙ ጊዜ ሠሪው አልተሳሳተም። ፕላኑ ለሌላ አገር አየር የተሳለ ስለሆነ ነው።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ውሃ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፣ የባቄላ ንፍሮም ከቆላ ይልቅ ደጋ ላይ ብዙ እንጨት የሚፈጀው በዚሁ ምክንያት ነው። በሞቃት ቀን የእኛ አየር ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው አየር 75 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ክንፍ የሚነሣው አየርን ወደ ታች እየገፋ በመሆኑ፣ የሚገፋው አየር በሩብ ሲቀንስ ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 15 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት። በባሕር ዳርቻ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ መንሳፈፍ የሚጀምር ሞዴል እዚህ 29 ይፈልጋል። እናንተ ግን የወረወራችሁት በ25 ነው።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ሐሳብ አጭር ነው፦ ክንፉን አስፉ፣ ክብደቱን ቀንሱ። የሚከተሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን በሥራ ለማዋል ናቸው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፤ በተለይ የመጀመሪያውን።

1. መጀመሪያ ፈቃድ

በሪሞት የሚበር ነገር፣ ካሜራ ባይኖረውም፣ በአገራችን እንደ ልጆች መጫወቻ አይታይም። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአየር ክልሉ ጉዳይ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። "የእኔኮ ድሮን አይደለም፣ የፎም አውሮፕላን ነው" የሚለው ክርክር ዕቃው ጉምሩክ ላይ ከተያዘ በኋላ ብዙም አይረዳችሁም። ሞተሩንና ሪሞቱን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ከዚያ ወደ ቤታችሁ ቅረቡ። ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ኽምራ ጦርነት ያለፈበት ምድር ነው። ሰማይ ላይ የሚሰማ የፕሮፔለር ድምፅ ለእናንተ ጨዋታ ቢሆንም ለጎረቤታችሁ እናት ሌላ ነገር ያስታውሳቸዋል። ለቀበሌው፣ ለወረዳው አስተዳደርና ለፖሊስ ምን እንደምትሠሩ፣ የትና መቼ እንደምታበሩ በደብዳቤ አሳውቁ። በትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ወይም በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኩል ብትሄዱ ማኅተም ያለው ወረቀት ይኖራችኋል፤ ኃላፊነቱንም ብቻችሁን አትሸከሙም።

የተሟላ ፈቃድ በእጃችሁ እስኪገባ ድረስ የምታበሩት ሞተርም ሬዲዮም የሌላትን፣ በእጅ የምትወረወረውን ትንሿን ተንሸራታች ብቻ ይሁን (ደረጃ 4)። ጊዜው አይባክንም፤ ከበረራ ትምህርት ትልቁ ክፍል እሷ ውስጥ ነው። በአካባቢያችሁ ግጭት ካለ ወይም ሰዓት እላፊ ከታወጀ ደግሞ ፈቃድ ቢኖራችሁም አታብሩ።

2. ዕቃና መሣሪያ

ለአካሉ የሚሆነው አብዛኛው ዕቃ ሰቆጣ ገበያ ውስጥና በየግቢው ጥግ ይገኛል።

— ነጭ ፎም፦ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ታሽጎ የሚመጣበት። የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ይጥሉታል፤ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ጠፍጣፋና ያልተሰነጠቀውን ምረጡ።

— ሸምበቆ፦ ቀጥ ያለና በደንብ የደረቀ። ለክንፉ ጀርባ አጥንትና ለጭራው ዘንግ ይሆናል።

— የደረቀ የቃጫ አበባ ዘንግ፦ ቃጫ አብቦ ሲጨርስ የሚቀረው ረጅም ዘንግ ሲደርቅ በጣም ቀላል ነው፤ ውስጡ በካተር ይቆረጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ሌላው ዓለም ለሞዴል ከሚጠቀምበት ባልሳ እንጨት ጋር የሚቀራረብ ነገር በአጥራችን ላይ ቆሟል ማለት ነው። አጥሩ የሰው ከሆነ አስፈቅዳችሁ ቁረጡ።

— ከካላማዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ፦ ክንፉን ከአካሉ ጋር ለማሰር።

— የብስክሌት ጎማ ሽቦ፣ ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ፣ የሲም ካርድ ማቀፊያ ፕላስቲክ፣ ሰፊ ፕላስተር።

— ካተር፣ ማስመሪያ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ግራም የሚያሳይ የኩሽና ሚዛን።

ሚዛኑን እንደ ትርፍ ዕቃ አትዩት። ስስ አየር ላይ ከካተሩም በላይ ዋናው መሣሪያ እሱ ነው።

ሙጫ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማስቲሽና ተራ ሱፐር ግሉ ነጩን ፎም ይበሉታል፤ ቤንዚን የነካው እጅም እንዲሁ። የአናጢ ነጭ ኮላ ወይም በሙቀት የሚቀልጠውን የዱላ ሙጫ ተጠቀሙ። የዱላው ሙጫ ይከብዳል፤ በመስመር ከማፍሰስ በነጠብጣብ ማድረግ ይሻላል። ማንኛውንም ሙጫ አስቀድማችሁ በቁራጭ ፎም ላይ ሞክሩ።

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃው ግን ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ነው የሚመጣው። አራት ወይም ከዚያ በላይ ቻናል ያለው 2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞት ከነሪሲቨሩ፣ 2212 የተባለው 1000 ኬቪ ብራሽለስ ሞተር፣ 30 አምፒር የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ሁለት ባለ 9 ግራም ሰርቮ (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር)፣ ባለ 3 ሴል 1300 ሚሊ አምፒር ሰዓት ሊፖ ባትሪና የራሱ ቻርጀር ያስፈልጋችኋል። ባትሪውን ዘመድ በአውሮፕላን የሚያመጣላችሁ ከሆነ ከእሱ ጋር ወደ መቀመጫው በሚገባው የእጅ ሻንጣ ይሁን፤ መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ጫፎቹም በፕላስተር ይሸፈኑ።

3. ፕላኑን ለከፍታችን ማስተካከል

ወረቀት አውጡና ይህን ስሌት ከእኔ ጋር ሥሩ። ካተር ከመንካታችሁ በፊት የሚሠራው ትልቁ ሥራ ይህ ነው።

በብዛት የሚገኘው የጀማሪ ፕላን የክንፍ ርዝመቱ 1.2 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ስፋቱ 24 ካሬ ዴሲ ሜትር ይሆናል። ተገጣጥሞ ሲያልቅ 720 ግራም ቢመዝን እያንዳንዱ ካሬ ዴሲ ሜትር 30 ግራም ይሸከማል። ይህ በባሕር ዳርቻ አየር ለጀማሪ ጥሩ ቁጥር ነው። በእኛ አየር ያንኑ ጠባይ ለማግኘት 30ን በ0.75 አባዙት፤ 22.5 ግራም ይመጣል። ዒላማችሁ ይህ ነው።

እዚያ ለመድረስ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ክንፉን ማስፋት ነው። 1.4 ሜትር በ23 ሳንቲ ሜትር ብታደርጉት 32.2 ካሬ ዴሲ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን ትልቅ ክንፍ ራሱ 40 ግራም ያህል ይጨምራል። ሁለተኛው ክብደት መቀነስ ነው። ፕላኑ የሚያዘውን 2200 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ በ1300 ብትተኩ 70 ግራም ያህል ታተርፋላችሁ። ሁለቱንም አድርጉ፦ 720 ሲደመር 40 ሲቀነስ 70፣ 690 ግራም። ለ32.2 ስታካፍሉት 21.4 ይሆናል። ከዒላማው በታች ናችሁ፤ ለጥገና ሙጫ የሚሆን ትርፍም አላችሁ።

690ውን እንደ ቤት አስቤዛ ቀድማችሁ መድቡት፦ ክንፍ 210፣ አካልና ጭራ 190፣ ሞተርና ፕሮፔለር 70፣ ፍጥነት መቆጣጠሪያ 25፣ ሰርቮዎች 20፣ ሪሲቨር 15፣ ባትሪ 115፣ ሽቦ፣ ሙጫና ላስቲክ 45። እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ ሚዛን ላይ ይውጣ። ክንፉ 250 ከመዘነ ከሌላ ቦታ 40 ግራም ቀንሱ፣ ካልተቻለ ክንፉን እንደገና ሥሩት። "ትንሽ ናት" እየተባለች የታለፈች አሥር ግራም ስድስት ጊዜ ስትደጋገም አውሮፕላኑ አይነሣም።

ወደ ተከዜ ሸለቆ፣ 1,100 ሜትር ገደማ ወዳለው ቆላ ብትወርዱ አየሩ ይወፍራል፤ ግን ቆላው ስለሚሞቅና ሙቀት አየርን ስለሚያሳሳ ትርፉ የጠበቃችሁትን ያህል አይሆንም። ለደጋ የተሠራው ቆላም ይበራል። ለቆላ የተሠራው ግን ደጋ ላይ ያስቸግራል።

4. ትንሿ ተንሸራታች

ከተረፈው ፎም 60 ሳንቲ ሜትር ክንፍ ያላት፣ ሞተር የሌላት ተንሸራታች ሥሩ። ወርዷ 10 ሳንቲ ሜትር፣ አካሏ ቀጭን ሸምበቆ ይሁን። የክንፏን ጫፎች ከመሐሉ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። አፍንጫዋ ላይ የ1 ብር ሳንቲም በፕላስተር እየለጠፋችሁና እያነሣችሁ ሚዛኗን ፈልጉ።

ሣር ላይ ቆማችሁ ወደ ነፋሱ፣ ከትከሻ ከፍታ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ልቀቋት። ወደ ላይ ተንጠራርታ ቆም ብላ ከወደቀች አፍንጫዋ ቀሎታል፤ ሳንቲም ጨምሩ። እንደ ድንጋይ ከተተከለች ከብዶታል፤ ቀንሱ። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወርውሯት። ይህን ሁሉ በአራት ብር ሳንቲም ትማሩታላችሁ፤ በሪሞቱ አውሮፕላን ላይ ብትማሩት ግን ዋጋው አንድ ሞተር ነው።

5. ክንፉ

ወፍራሙን ፎም ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሉህ ለመሰንጠቅ የጋለ ሽቦ ከሁሉ ይበልጣል። ከተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚወጣው ጥቅልል ሽቦ ተዘርግቶ ሲወጠር ጥሩ መቁረጫ ይሆናል። ኃይሉን ከ12 ቮልት የሞተር ሳይክል ወይም የባጃጅ ባትሪ ውሰዱ። በ220 ቮልት ሶኬት ላይ በፍጹም አትሰኩት፤ ይገድላል። በረጅም ሽቦ ጀምራችሁ እያሳጠራችሁ ሂዱ። ሽቦው ከቀላ በዝቷል፤ ሳይቀላ ፎሙን እንደ ቅቤ ከቆረጠ ልኩ ነው። ሥራው ደጅ ይሁን፤ ጢሱ መርዝ ነው።

ክንፉን በሁለት ንብርብር ሥሩት። የታችኛው ሉህ ሙሉው 23 ሳንቲ ሜትር ነው። በላዩ ከፊት ጠርዝ እስከ መሐል፣ ማለትም 11.5 ሳንቲ ሜትር ድረስ፣ ሁለተኛ ሉህ ለጥፉ። ከጀርባው እንደ ደረጃ ዝቅ ይላል። ይህ ባለ ደረጃ ክንፍ ለመሥራት ቀላል ነው፤ በዝግታ ሲበርም ጠባዩ ጥሩ ነው። የፊት ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አድቡሉ። ስል ሆኖ የቀረ የፊት ጠርዝ ክንፉ አየር መያዝ ያቃተው ዕለት በድንገት እንዲከዳችሁ ያደርጋል፤ ስስ አየር ላይ ደግሞ ያ ዕለት ሩቅ አይደለም።

በሁለቱ ሉሆች መካከል፣ ከፊት ጠርዝ 6 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ለሸምበቆ ቦይ ቅደዱና ቅበሩት። አጥንቱ መሐሉ ላይ እንዳይቀጠል፤ ክንፍ የሚሰበረው እዚያ ነው። ሁለቱ ክንፎች ወደ ላይ አምስት ዲግሪ ያህል ስለሚነሡ ከተቀጠለ ግን መገጣጠሚያውን በግራም በቀኝም 15 ሳንቲ ሜትር በሚሄድ የቃጫ ዘንግ ቁራጭ ደግፉትና በክር ጠምጥማችሁ ኮላ ቀቡት። አምስት ዲግሪ ማለት እያንዳንዱ የክንፍ ጫፍ ከመሐሉ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። ይህ መነሣት አውሮፕላኑ ሲያዘም በራሱ እንዲቀና ያደርገዋል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሥራችሁ የክንፍ ላይ መሪ ኤለሮን አያስፈልግም፤ ጭራው ላይ ያሉት ራደር (የግራና ቀኝ መሪ) እና ኤሌቬተር (የላይና ታች መሪ) ይበቃሉ። ሁለት ሰርቮ ቀነሳችሁ ማለት ነው።

6. አካልና ጭራ

የፊተኛው አካል ባትሪው፣ መቆጣጠሪያውና ሪሲቨሩ የሚገቡበት የፎም ሳጥን ነው። ከኋላው የሸምበቆ ዘንግ ተሰክቶ ጭራውን ይይዛል። ጠቅላላ ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል ይሁን።

ክንፉን ስታሰፉ ጭራውን በአሮጌው ልክ መተው የተለመደ ስሕተት ነው። አግድም ጭራው ከክንፉ ስፋት አንድ አምስተኛ በላይ ይሁን፤ 46 በ15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ቁም ጭራው 18 በ18 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ለጭራ አንድ ንብርብር ፎም ብቻ ተጠቀሙ። ጭራ ላይ የተጨመረ አንድ ግራም አፍንጫ ላይ ሁለት ሦስት ግራም ያስከፍላችኋል።

ኤሌቬተሩንና ራደሩን በፕላስተር እንደ ማጠፊያ ያዟቸው። ከሰርቮው የሚሄደው ገፊ የብስክሌት ሽቦ ነው፤ በእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ቢያልፍ አይጎብጥም። የመያዣውን ጆሮ ከሲም ካርድ ማቀፊያ ቁረጡ። ኤሌቬተሩ ወደ ላይና ወደ ታች 12 ሚሊ ሜትር፣ ራደሩ ወደ ግራና ቀኝ 25 ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል።

ክንፉን በሙጫ አታጣብቁት። በካላማዳሪ ላስቲክ እሰሩት። ሲወድቅ ላስቲኩ ይለቃል፣ ክንፉ ይፈናጠራል፣ ሳይሰበር ይተርፋል።

7. ሞተር፣ ፕሮፔለር፣ ባትሪ

ፕሮፔለርም ክንፍ ነው፤ ስስ አየር እሱንም ይጎዳዋል። በባሕር ዳርቻ 800 ግራም የሚስብ ፕሮፔለር እዚህ በተመሳሳይ ዙር 600 ያህል ይስባል። ለ690 ግራም አውሮፕላን ከ450 ግራም በላይ ስበት ይበቃችኋል። ሞተሩን ከጠንካራ ጣውላ ጋር አስራችሁ በኩሽናው ሚዛን ላይ ወደ ታች እንዲገፋ አድርጋችሁ ለኩ። 10 በ4.5 ኢንች ፕሮፔለር 450ን ካለፈ አትንኩት። ካላለፈ ወደ 11 ኢንች ውጡ። ስስ አየር ለማዞር ስለሚቀል ሞተሩ በአብዛኛው ይችለዋል። ሆኖም ስስ አየር ሞተሩንም በደንብ አያቀዘቅዝም። 20 ሰከንድ ሙሉ ኃይል ስጡት፣ አጥፉት፣ ባትሪውን ንቀሉ፣ ሞተሩን በጣታችሁ ንኩት። ጣታችሁን ማሳረፍ ካልቻላችሁ ፕሮፔለሩ በዝቶበታል።

የሽቦ ብየዳ የማትችሉ ከሆነ ወደ ሞባይል ጥገና ቤት ውሰዱት፤ ከጀማሪ እጅ ይሻላል። ሽቦ ስትፈትሹ፣ ሰርቮ ስታስተካክሉ፣ ሪሞቱን ከሪሲቨሩ ጋር ስታገናኙ ፕሮፔለሩ የወለቀ ይሁን። ይህን ሕግ የጣሰ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል።

ሊፖ ባትሪ ሲሞላ በሴል 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3.5 በታች አታውርዱት፤ ለሳምንት ከተቀመጠ 3.8 ላይ ይሁን። የ1300ውን ባትሪ በ1.3 አምፒር ሙሉት። መብራት ከሌለ አብዛኛው ቻርጀር ከ12 ቮልት የመኪና ወይም የሶላር ባትሪም ይሠራል። ስትሞሉ አልጋ ወይም ምንጣፍ ላይ አታድርጉት፤ በአሮጌ የሸክላ ምጣድ ላይ አስቀምጡት፣ ከአጠገቡም አትራቁ። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ አይበርም።

8. ሬዲዮና የሚዛን ነጥብ

ሪሲቨሩን ከፍጥነት መቆጣጠሪያው አርቁት፤ አንቴናውን ዘርጉት። ሪሞቱ ጠፍቶ ቢቀር ሞተሩ እንዲቆም የደህንነት ቅንብሩን አስተካክሉ። ከዚያ ፕሮፔለሩን አውልቃችሁ ሪሞቱን አጥፍታችሁ አረጋግጡ። የርቀት መፈተሻ ስልት ካለው እሱን አብርታችሁ 30 እርምጃ ራቁ፤ መሪዎቹ ሳይንቀጠቀጡ መታዘዝ አለባቸው።

የሚዛን ነጥቡ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 6 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ከወርዱ ሩብ አለፍ ያለ። ሁሉም ዕቃ ገብቶ፣ ባትሪው ታስሮ፣ ከክንፉ በታች እዚያ ነጥብ ላይ በሁለት ጣት አንሡት። አፍንጫው በትንሹ ዝቅ ካለ ጥሩ ነው። ጭራው ከወረደ አታብሩት፤ ባትሪውን ወደ ፊት ግፉ። ይህ ነጥብ ከፍታ አይለውጠውም፤ ደጋም ቆላም ያው ነው። ክብደት በመጨመር ከማስተካከል ዕቃ በማዘዋወር ማስተካከል ይሻላል። ስንት ግራም ለመቀነስ እንደደከማችሁ አትርሱ።

9. ሜዳና ሰዓት

አገራችን ሸንተረርና ገደል እንጂ ሜዳ አያበዛም። የሚያስፈልጋችሁ በነፋሱ አቅጣጫ 150 እርምጃ ያህል ክፍት ቦታ ነው። እህል ከተነሣ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ የታጨደ ማሳ ጥሩ ነው፤ ባለ ማሳውን አስፈቅዱ። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመሥሪያ ቤት፣ ከካምፕ፣ ከቴሌ ማማ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር፣ ከገበያና ከንብ ቀፎ ራቁ። ውቅር መስቀለ ክርስቶስን የመሰለ ቅርስ አጠገብ አታብሩ።

የምታውቁትንና ሰው ዘወትር የሚመላለስበትን ቦታ ብቻ ምረጡ። ጦርነት ባለፈበት መሬት ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል። አውሮፕላኑ ማንም ወደማይረግጠው ጥሻ ቢወድቅ ተከትላችሁ አትግቡ፤ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። የማታውቁት ብረት ካያችሁ ሳትነኩ ተመልሳችሁ ለፖሊስ አሳውቁ። የአንድ ወር ሥራ ቢቀር ይቀራል።

ሰዓቱን ከገበሬ ተማሩ። አውድማ ላይ መንሽና ላይዳ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ምርቱን ከገለባው የሚለይለት ነፋስ እስኪነሣ ነው የሚጠብቀው። እሱ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ያለው ሰዓት የእናንተ ነው፤ እሱ ማዝራት ሲጀምር እናንተ አውሮፕላናችሁን ሰብስቡ። በበጋ ይህ ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 2:30 ይሆናል። ማለዳ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ወፈር ይላል፤ ከቀትሩ ይልቅ ክንፉን ይደግፋል። ረፋድ ላይ ጭልፊቶች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ሽቅብ ከወጡ መሬቱ ሞቋል፣ አየሩም እየተናጠ ነው ማለት ነው። ያ ለጀማሪ አይሆንም።

የማለዳ ብርድ ግን የሊፖን ጉልበት ይሰርቃል። እስክትበሩ ድረስ ባትሪውን ጋቢያችሁ ውስጥ ያዙት።

10. የመጀመሪያው በረራ

ሁለት ሁኑ፤ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ሪሞት ይይዛል። ልጆች መሰብሰባቸው አይቀርም። አታባርሯቸው፤ ከጀርባችሁ ድንጋይ ደርድራችሁ መስመር አብጁና ከመካከላቸው ትልቁን ዘበኛ ሹሙት። እረኞቹንም ቀድማችሁ አናግሩ። ያልተነገረው እረኛ ወንጭፉን ቢፈታ አትፍረዱበት።

ነፋሱን ፊት ለፊት ያዙ። ሞተሩን ሦስት አራተኛ ኃይል ስጡት። ወርዋሪው ስምንት አሥር እርምጃ በርትቶ ሮጦ ቀጥ አድርጎ ይግፋው። ወደ ሰማይ መወርወር ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ ፍጥነቱን ይበላዋል። ፍጥነት ደግሞ በእኛ አየር ብርቅ ነው። ከእጅ ሲወጣ ትንሽ ዝቅ ቢል አትደንግጡ፤ ፍጥነት እየሰበሰበ ነው። ኤሌቬተሩን በችኮላ የጎተተ ይጥለዋል፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ።

አርባ ሜትር ያህል ከፍ ሲል ኃይሉን ቀንሱና በሰፊው አዙሩት። ወደ እናንተ ሲመጣ ግራና ቀኝ እንደሚገለበጥ አስታውሱ፤ የሪሞቱን ዘንግ ዝቅ ወዳለው ክንፍ አቅጣጫ ግፉት፣ ይቀናል። የስልካችሁን ሰዓት 5 ደቂቃ ላይ ሙሉት፤ ሲጮኽ ማረፍ ጀምሩ። ኃይሉን ቀድማችሁ ቀንሱ፣ ከሩቅ ጀምራችሁ አውርዱት፣ መሬት ሊነካ አንድ ክንድ ሲቀረው ብቻ ኤሌቬተሩን በስሱ ሳቡ።

11. ማሻሻል

ከበረራ በኋላ ባትሪውን ንቀሉ፣ ከዚያ በደብተር ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ሙቀትና ብርዱ፣ ክብደት፣ የሚዛን ነጥብ፣ የበረረበት ደቂቃ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ፕሮፔለሩንም የሚዛን ነጥቡንም በአንድ ቀን ከለወጣችሁ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁም።

እያንዳንዱ ጥገና ሙጫ ነው፤ ሙጫ ደግሞ ክብደት ነው። በየወሩ ሙሉውን አውሮፕላን እንደገና መዝኑት። 690 የነበረው 725 ላይ ሲደርስ 22.5 የተባለው መስመር ላይ ቆማችኋል። ያን ጊዜ አትጠግኑት። ሞተሩን፣ ሰርቮዎቹንና ሪሲቨሩን አውጡ፣ አዲስ ፎም ቁረጡ። ሁለተኛውን ክንፍ ስትሠሩ እጃችሁ ሙጫ መቆጠብ ተምሯል፤ 210 የመዘነው በ180 ያልቃል። የተረፈችው ሠላሳ ግራም ከአዲስ አበባ የሚላክ ዕቃ ሳትጠብቁ ራሳችሁ ያመጣችኋት ናት።